አንበጣ የበላው ዓመት በመኪና አይመለስም



የዛሬው ጽሑፋችን ስለ መኪና ነው። ስለ ጭነት መኪና ወይም ስለ ባጃጅ አይደለም፤ እነዚያ እንጀራ ናቸው። የምንናገረው ሰው ስድሳ ዓመት ከሞላው በኋላ፣ ልጆቹን አሳድጎ ከጨረሰ በኋላ፣ ስለ ፍጥነቱና ስለ ደስታው ብሎ ስለሚገዛው መኪና ነው። “ይህ ደግሞ ለመንፈሳዊ ጽሑፍ ምን ርእስ ይሆናል?” የሚል ሰው አይጠፋም። መኪናው በባለቤቱ ግቢ ውስጥ ቆሞ ቢቀር ኖሮ እኛም ዝም ባልን። ነገር ግን መድረክ ላይ ወጥቷል። ቁልፉ በማይክሮፎን ፊት ይንቃጨላል፣ ጉባኤው “አሜን” ይላል፣ ጥቅስም ይነበብለታል። ደጋግመን የምንሰማውም ጥቅስ ኢዩኤል 2፥25 ነው።

ትምህርቱ ሲጨመቅ እንዲህ ይላል፦ “አባቴ፣ ልጅነትህን ረሃብ በላው፤ ጎልማሳነትህን ችግር በላው፤ የቀረውን ጦርነት በላው። እግዚአብሔር አንበጣ የበላውን ዓመት ሊመልስልህ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ዞር ብሎ የሚያየው መኪና ይሰጥሃል። ተቀበል!” አባትየውም ይቀበላል። መኪናው በመጣ ጊዜ ምስክርነት ይሆናል፤ ባልመጣ ጊዜ ደግሞ እምነት ጎድሎሃል ይባላል።

ይህን ትምህርት እንቃወማለን። የምንቃወመውም መኪና ስለምንጠላ ወይም ሽማግሌ ሲደሰት ማየት ስለሚከብደን አይደለም። ቃሉ ያላለውን ስለሚያስብል፣ ዋጋውን የከፈለውንም ሰው ከምስክርነቱ ስለሚያስወጣ ነው።

አንበጣውን እናውቀዋለን

በሩቅ ከተማ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ይህን ጥቅስ ለሚሰማ ሰው አንበጣ ምሳሌ ነው። ለቆቦና ለራያ ቆላ ሰው ግን ምሳሌ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ ማሽላው ፍሬ ይዞ ጤፉም ለአጨዳ ሲደርስ፣ የበረሃ አንበጣ መንጋ ሜዳው ላይ ወረደ። ገበሬው ከነቤተሰቡ ወጥቶ ጅራፍ እያጮኸ፣ ጀሪካን እየደበደበ፣ ጭስ እያጨሰ ተከላከለ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሚለው፣ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በአንድ ቀን 35 ሺህ ሰው የሚበላውን ያህል እህል ይበላል። በብዙ ማሳ ላይ ከአገዳ በቀር የሚታይ ነገር አልቀረም።

ያ ዓመት ሳያልቅ፣ በሐምሌ፣ ጦርነቱ ቆቦ ደረሰ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ተመልሶ መጣ። ወደ ኋላ ብንሄድ 1966 አለ፤ 1977 አለ። ዛሬ ስድሳ አምስት ዓመት የሆነው የራያ ሰው አንደኛውን ረሃብ በልጅነቱ፣ ሁለተኛውን በወጣትነቱ አይቷል፤ በስተርጅናው አንበጣውንና ጦርነቱን ጨመረበት። የተበላ ዓመት ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳው ሰባኪ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ኢዩኤልን ከዚህ ሜዳ ላይ ሆነን እናንብበው። ነቢዩ አጥፊውን ተምች፣ አንበጣ፣ ደጎብያ፣ ኩብኩባ ብሎ በአራት ስም ይጠራዋል (1፥4)። ከብቱ ማሰማርያ አጥቶ እንዴት እንደሚያቃስት ይናገራል (1፥18)። ሽማግሌዎቹን ጠርቶ ለጾምና ለልቅሶ ይሰበስባቸዋል (1፥14)። ከዚያ በኋላ ነው ተስፋው የሚመጣው። ታዲያ የሚመለሰው ምንድን ነው? መልሱ ሰባኪዎቻችን ከሚጠቅሱት ጥቅስ አንድ ቁጥር ከፍ ብሎ ተጽፏል፦ አውድማው እህል ይሞላል፤ መጥመቂያው ወይንና ዘይት ተርፎት ይፈስሳል (2፥24)። አንድ ቁጥር ዝቅ ብሎ ደግሞ ሕዝቡ በልቶ እንደሚጠግብና የአምላኩን ስም እንደሚያመሰግን ይናገራል (2፥26)። ተስፋው የተነገረው በብዙ ቁጥር ነው፤ ለአገሩ ሁሉ ነው እንጂ ለአንድ ባለ ቁልፍ ሰው አይደለም። ጎረቤቱ የዘር እህል አጥቶ እያለ አንዱ ብቻ “ተመለሰልኝ” የሚልበት ተስፋ በኢዩኤል መጽሐፍ ውስጥ የለም።

መኪና መውደድ ኃጢአት ነውን?

አይደለም። ይህን በግልጽ መናገር አለብን፤ ምክንያቱም በእኛ በወንጌል አማኞች ዘንድ ደስታን ሁሉ በጥርጣሬ የማየት የቆየ ልማድ አለ። ሰው የድካሙን ፍሬ አይቶ ደስ ቢለው ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆነ መክብብ ያስተምረናል (5፥18-19)።

በስተርጅና መኪና ማግኘትም በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። መኪና ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባለውን መኪና ተራራውንና በረሃውን አቋርጦ አዲስ አበባ አደረሳት። በዚያን ጊዜ ዳግማዊ ምኒልክ ስድሳ ሦስት ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። ንጉሡ አዲስ ነገር የሚወዱ ሰው ስለነበሩ በመኪናው ተደሰቱ። ብዙም ሳይቆይ ሕመም ጸናባቸው፤ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። በመኪና ደስ ስላላቸው የሚወቅሳቸው ሰው የለም። ያቺን መኪና የትንቢት ፍጻሜ ያላት ሰውም አልሰማንም። መኪና ነበረች፤ እርሳቸውም ወደዷት፤ በዚሁ አበቃ።

ዛሬም እንዲሁ ነው። በወጣትነቱ ቶዮታ ዲኤክስ ሲያልፍ ቆሞ ያይ የነበረ ሰው፣ ያ ምኞት አርባ ዓመት ሙሉ በልቡ ሊቀመጥ ይችላል። በአገራችን ደግሞ ምኞቱን ቶሎ የሚፈጽም ጥቂት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመኪና ዋጋ እንደገና ወጣ። አሁን አዲስ መኪና የሚፈልግ ሰው የሚያየው የኤሌክትሪኩን ነው። እርሱ ደግሞ ድምፅ የለውም፤ ገና ከቆመበት ሲነሣ ሙሉ ጉልበቱን ስለሚሰጥ እግር ሲነካው ይፈተለካል። ዕድሜውን ሙሉ ከአውቶቡስ በስተቀር ያልተሳፈረ አባት እንዲህ ያለውን መኪና ሲይዝ ልቡ ቢዘልል አይገርመንም።

አንድ ጡረተኛ መምህር ወይም ነጋዴ በራሱ ላብ አጠራቅሞ፣ ዕዳውን ከፍሎ፣ የቤቱን ጉድለት ሞልቶ፣ “መኪና እወዳለሁ፤ ገዛሁ” ቢለን፣ “ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለዎት” ብለን አብረነው እንስቃለን። ንግግሩ እውነት ነውና። የምንቃወመው ያው ሰው “እግዚአብሔር ዕዳ ነበረበት፤ ከፈለኝ” ሲል ነው። ከሁሉ በላይ የምንቃወመው ደግሞ እንዲህ እንዲል ያስተማረውን መድረክ ነው።

ዋጋውን ማን ከፈለ?

በራያ ቆላ የአንድ ሽማግሌ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ከየት እንደሚመጣ እናውቃለን። ከማሽላ አይመጣም። ከጡረታ ደሞዝም አይመጣም፤ የጡረታ ደሞዝ መኪና ቀርቶ ጎማ መግዛት ይከብደዋል። የሚመጣው ከልጅ ነው። ልጁም ያለው ወይም ያለችው ብዙውን ጊዜ አረብ አገር ነው።

መንገዱን የቆቦ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። በአፋር በረሃ በኩል ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ ባሕሩን ተሻግሮ የመን፣ ከየመን ሳውዲ። በረሃ የቀሩ አሉ፤ ባሕር የበላቸው አሉ፤ ድንበር ላይ በጥይት የወደቁም እንዳሉ ዓለም ሰምቷል። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ ተባርረው ተመለሱ፤ የወሎና የራያ ልጆች በመካከላቸው ብዙ ነበሩ። የደረሰችውም ልጅ በሰው ቤት ሌሊት ተነሥታ ሌሊት ትተኛለች። ዓመት በዓል ሲመጣ በስልክ ታለቅሳለች፤ ከዚያም ገንዘብ ትልካለች።

አሁን መድረኩን እንደገና እንመልከት። አባትየው ቁልፉን ያነሣል። “አንበጣ የበላውን ዓመቴን ጌታ መለሰልኝ” ይላል። ጉባኤው ያጨበጭባል። ወገኖቻችን፣ የማንን ዓመት ነው የመለሰለት? ልጅቱ ከሃያ እስከ ሠላሳ ዓመቷ ያለውን ዕድሜ ሰው ቤት ወለል ስትወለውል አሳልፋዋለች። አላገባች፣ አልተማረች፣ ከእኩዮቿ ጋር በዜማ ጉባኤ አልቆመች። አንበጣው አልሄደም፤ ከአባት ማሳ ተነሥቶ የልጅ ማሳ ላይ ነው ያረፈው። በእርሷ አሥር ዓመት የተገዛውን መኪና “የተመለሰ ዓመት” ብሎ መጥራት አንበጣውን እግዚአብሔር ብሎ እንደ መጥራት ነው። ከባድ ቃል እንደ ተናገርን እናውቃለን፤ አስበንበት ነው የተናገርነው።

“ልጅቱ ወዳ ላከች፤ ማን አስገደዳት?” ይባላል። ዳዊትም እንዲህ ማለት ይችል ነበር። በምሽጉ ሳለ የቤተ ልሔምን የጕድጓድ ውኃ ተመኘ። ማንንም አላዘዘም፤ ምኞቱን ብቻ ተናገረ። ሦስት ኃያላን ሰምተው የጠላትን ሰፈር ጥሰው ውኃውን አመጡለት፤ ወደውና አክብረውት ነው ያመጡት። ዳዊት ግን አልጠጣውም። በነፍሳቸው የተወራረዱ ሰዎች ደም ሆኖ ታየውና በእግዚአብሔር ፊት አፈሰሰው (2ኛ ሳሙ. 23፥15-17)። ውኃ መጠጣት ኃጢአት ስለሆነ አይደለም። የመጣበት ዋጋ ከጥሙ በላይ ስለከበደው ነው። ዳዊት በጉባኤ መካከል ጽዋውን ከፍ አድርጎ “ጌታ አጠጣኝ” ቢል ኖሮ ሦስቱ ሰዎች ምን ይሰማቸው ነበር?

የካሌብን ታሪክ እስከ መጨረሻው እናንብብ

ይህን ትምህርት የሚያስተምሩ ሁሉ አንድ ቀን ካሌብ ዘንድ ይደርሳሉ። ሰማንያ አምስት ዓመት ሆኖት ጉልበቱ እንዳልደከመ ተናግሮ ያን ተራራማ አገር የለመነ ሰው ነው (ኢያሱ 14፥10-12)። “አንተም ተራራህን ጠይቅ!” ይባላል፤ ተራራውም በስብከቱ መጨረሻ ባለ አራት ጎማ ሆኖ ይመጣል።

አንደኛ፣ ካሌብ የለመነው ዔናቃውያን ያሉበትን፣ የተመሸጉ ከተሞች ያሉበትን፣ ሌላው የሸሸውን ሥራ ነው። ዕረፍት አልለመነም። ሁለተኛ፣ ስብከቱ ምዕራፍ 14 ላይ ይቆማል፤ ታሪኩ ግን ምዕራፍ 15 ላይ ይቀጥላል። እዚያ የካሌብ ልጅ ዓክሳ ትመጣለች። ከአህያዋ ትወርዳለች፤ አባቷም ምን እንደምትፈልግ ይጠይቃታል። የተሰጣት ምድር ደረቅ ስለነበረ የውኃ ምንጭ ለመነችው። ካሌብ የላይኛውንም የታችኛውንም ምንጭ ሰጣት (15፥18-19)። በስተርጅናው ርስት ያገኘ አባት ያገኘውን ወደ ልጁ አወረደው። ውኃው ከአባት ወደ ልጅ ፈሰሰ። ደረቅ ቆላ ላይ ለምንኖር ለእኛ ምንጭ ምን ማለት እንደሆነ ማን ያስረዳናል? ከዞብልና ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳ የሚያጠጣ ገበሬ፣ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ከጉድጓድ በሞተር ውኃ ስቦ ሽንኩርት የሚያለማ ወጣት፣ የዓክሳን ልመና ከማንም በላይ ይረዳዋል።

ከካሌብ ጋር ሕዝቅያስን አነጻጽሩ። ሕዝቅያስ ታሞ ሳለ ጸለየ፤ አሥራ አምስት ዓመትም ተጨመረለት (2ኛ ነገ. 20፥6)። በእውነት “ዓመት የተመለሰለት” ሰው ቢኖር እርሱ ነው። ከዚያ በኋላ የምናነበው ግን ለባቢሎን መልእክተኞች ግምጃ ቤቱን ከፍቶ ማሳየቱን ነው። ነቢዩ ልጆችህ ወደ ባቢሎን ይወሰዳሉ ባለው ጊዜ፣ በእኔ ዘመን ሰላም ከሆነ ይበቃኛል የሚል መልስ ሰጠ (20፥13-19)። በተጨመረ ዕድሜ ዕቃ ማሳየት፣ ልጆች በባዕድ አገር ሲያገለግሉ ደግሞ “በእኔ ዘመን ደህና ነው” ማለት! ከዛሬው መድረካችን ይህ ምን ያህል ይርቃል?

ቀጥ ያለው መንገድ

ሌላም ጉዳይ አለ፤ ይህኛው ከመድረክ ውጭ አስፋልት ላይ ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን የመጣ ሰው ጠመዝማዛውን ያውቃል። ወልድያን ካለፉ፣ ጎብዬንና ሮቢትን ከተሻገሩ በኋላ ግን ሜዳው ይከፈታል። ከቆቦ በዋጃ በኩል እስከ አላማጣ መንገዱ ቀጥ ይላል፤ ተራራው ወደ ጎን ይሸሻል። ፈጣን መኪና የያዘ ሰው እግር እዚህ ነው የሚፈተነው።

መንገዱ ግን ለመኪና ብቻ አይደለም። ግመል ይሄድበታል፤ በሬ ይነዳበታል፤ ጭድ የተጫነ አህያ ያቋርጠዋል፤ የገበያ ቀን ሰዉ ጠርዙን ሞልቶ ይጓዛል፤ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ይሯሯጡበታል። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ 33 ሜትር ይጓዛል። ነጂው ሕፃኑን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ ብቻ አንድ ሰከንድ ቢያልፍ፣ ከአንድ ሰፊ ግቢ የሚበልጥ ርቀት ሄዷል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ዐይንና እጅ ደግሞ በስድሳ አምስት ዓመት እንደ ሃያ አምስት ዓመት አይፈጥኑም፤ ይህን መካድ እምነት አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በቅርብ ዘገባው በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገልጿል፤ ከግማሽ የሚበልጡትም እግረኞች፣ ባለ ብስክሌቶችና ባለ ሞተር ብስክሌቶች ናቸው። መኪና የሌላቸው ሰዎች ናቸው ማለት ነው። ሕዝባችን አይሱዙ የጭነት መኪናን “አልቃይዳ” ብሎ የሰየመው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስሙ ከሐዘን ቤት የወጣ ነው። በኋላ መስተዋቱ ላይ የመዝሙር ጥቅስ የለጠፈ መኪናም ቢሆን በ120 ሲመጣ እግረኛው ከሌላው አይለየውም። ባልንጀራህን ውደድ የሚለው ትእዛዝ መሪ ስንይዝ አይታገድም። የራሴን ደስታ በሌላው ልጅ አጥንት ላይ መሞከር መብቴ ነው የሚል ክርስቲያን ካለ፣ ከየትኛው ወንጌል እንዳገኘው ያሳየን።

ለሚቃወሙን

“ይህ ቅናት ነው፤ የላችሁምና ነው” ይሉናል። ምናልባት ከመካከላችን የሚቀና ይኖር ይሆናል፤ ልብን የሚመረምር ጌታ ነው። ነገር ግን የኢዩኤል ምዕራፍ ሁለት ትርጉም በእኛ ቅናት አይለወጥም። ተከፍቶ ይነበብ።

“ታዲያ ድህነት ጽድቅ ነው?” ይሉናል። አይደለም። ድህነት በራያ ሜዳ ላይ ምን እንደሚመስል አይተናል፤ ጽድቅ ብለን አንጠራውም። ድሃን የሚያጸድቀው ድህነቱ ካልሆነ፣ ባለጠጋንም የሚያጸድቀው መኪናው አይደለም። የምንለው ይህን ብቻ ነው። አሥራቱን ከፍሎ፣ ጾሞ፣ ጸልዮ፣ በሰባ ዓመቱም በእግሩ የሚመጣ አባት ከኋለኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። የቁልፉን ምስክርነት ሲሰማ፣ “እኔን ጌታ ረሳኝ ማለት ነው?” ይላል። መንፈሳዊ ግድያ የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። በጉባኤ ፊት አንዱን ባለ መኪና ለማክበር ስንል አርባ እግረኛ አባቶችን በእግዚአብሔር ፍቅር ላይ እናስጠረጥራለን።

“ሽማግሌ ምን ይቀረዋል? ይደሰት እንጂ” የሚሉም አሉ። ይህ የደግ ሰው ንግግር ይመስላል፤ ውስጡ ግን ንቀት አለበት። ሽማግሌ የሚቀረው ነገር የለም የሚለው ዓለም ነው። ኢዩኤል እንዲህ አላለም። ከተበሉት ዓመታት ተስፋ በሦስት ቁጥር ርቀት ላይ፣ እግዚአብሔር መንፈሱን ሲያፈስስ ሽማግሌዎች ሕልም እንደሚያልሙ ይናገራል (2፥28)። ሰባኪዎቻችን ቁጥር 25 ላይ መኪናውን አቁመው ወረዱ፤ ሦስት ቁጥር ቢነዱ ኖሮ ለሽማግሌው የተዘጋጀውን ባገኙት ነበር። ለጡረተኛ አባቶች መጫወቻ ስንመኝላቸው፣ እግዚአብሔር ግን ሕልም አዘጋጀላቸው፤ ለቤተ ክርስቲያንና ለልጆቻቸው የሚሆን ሕልም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

መኪና ለመግዛት የምታስቡ አባቶችና እናቶች፣ እናንተን ልንከለክል ሥልጣን የለንም። ሦስት ጥያቄ ብቻ እንድትጠይቁ እንለምናችኋለን። ገንዘቡ የማን ዕድሜ ነው? የልጅ ከሆነ ለልጁ ወይም ለልጅቱ ደውላችሁ፣ “ይህ ገንዘብ አንቺን ወደ አገርሽ ሊመልስሽ፣ ሱቅ ሊከፍትልሽ፣ ትምህርትሽን ሊያስጨርስሽ አይችልምን?” ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ቆቦ ላይ ነዳጁ ሲጠፋ ወይም መብራቱ ሲሄድ፣ ጎማው ሲያልቅ፣ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ሲጠየቅ፣ ማን ይከፍላል? ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ልጅቱ የምትደውሉ ከሆነ መኪናው የእናንተ አይደለም። ሦስተኛ፣ በባዶው ወንበር ላይ ማን ይቀመጣል?

ሰባኪዎች ወንድሞቻችን ሆይ፣ ከእናንተ የምንለምነው ከዚህ ይከብዳል። የመኪና ቁልፍ ወደ መድረክ አታውጡ። ምስክርነት ከፈለጋችሁ፣ ልጁን ከስደት የመለሰውን አባት አውጡ፤ ከተጣላው ወንድሙ ጋር የታረቀውን፣ በአንበጣው ዓመት የቀረችውን ቁና ማሽላ ከጎረቤቱ ጋር የተካፈለውን አውጡ። ኢዩኤልን ስትሰብኩ ከምዕራፍ አንድ ጀምሩ፤ ልቅሶውን ሳትዘሉ ወደ ተስፋው ኑ። ይህ ሕዝብ ማልቀስ የሚገባውን ገና አልቅሶ አልጨረሰም።

ስለ ባዶው ወንበር ከጠየቅን አይቀር፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የአንድ ኢትዮጵያዊ ሠረገላ ተጽፏል። የህንደኬ አዛዥና የገንዘቧ ሁሉ ኃላፊ የነበረ ሰው ነው፤ በዘመኑ ከእርሱ የተሻለ ሠረገላ የነበራቸው ብዙ አይመስለንም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ግን ስለ ሠረገላው ውበትም ሆነ ስለ ፈረሶቹ ጉልበት አንድ ቃል አልነገረንም። የነገረን ሠረገላው በእግር የሚሮጥ ሰው ሊደርስበት የሚችል እንደነበረ፣ ባለቤቱ ቃሉን እያነበበ እንደነበረ፣ እግረኛውን ፊልጶስንም ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ እንደለመነው ነው። ውኃ ባዩ ጊዜ ሠረገላው ይቆም ዘንድ አዘዘ። ደስ ብሎትም መንገዱን ሄደ። ደስታው ከፍጥነት አልመጣም፤ እግረኛውን አሳፍሮ፣ በቃሉ ፊት ቆሞ ያገኘው ነው።

በራያ ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ሠረገላ ያለው አባት ቢገኝ፣ ምጥ የያዛትን እናት ወደ ወልድያ ሆስፒታል የሚያደርስ፣ መበለቲቱን ከገበያ የሚመልስ፣ ግመሎቹ እስኪያልፉ የሚታገሥ፣ መኪናው አዲስም ይሁን አሮጌ፣ ከእርሱ ጋር ደስ ይለናል። ምስክርነቱንም እርሱ ሳይሆን የተሳፈሩት ይናገሩለታል።

የተበሉ ዓመታት ጌታ የሆነው አምላክ፣ አውድማችንን ይሙላ፤ በባዕድ አገር ያሉ ልጆቻችንን በሰላም ይመልስ፤ ለሽማግሌዎቻችንም ሕልም ይስጣቸው። አሜን።

ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን።